ለማንገኝበት ክፍል መጻፍ

(ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማሪያ ጽሑፍ አዘገጃጀት ጎንደር ውስጥ ለመምህራን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

በእጄ የያዝኩት አንድ ነጠላ ገጽ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጎንደር ለወጣት አስጎብኚዎች ካዘጋጀሁት አጭር የእንግሊዝኛ ኮርስ የሁለተኛው ምዕራፍ መክፈቻ ሲሆን፣ ኮርሱን ያስተማረው ሌላ መምህር ሥልጠናው ሲያበቃ የሠልጣኞቹን ወረቀት ሰብስቦ መልሶልኛል። በገጹ አናት ላይ፣ መመሪያ ብዬ ከጻፍኩት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከፍ ብሎ፣ አንዱ ሠልጣኝ በእርሳስ «ምን አድርጉ ነው የሚለን?» ብሎ በአማርኛ ጽፏል። ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ «እኔም አልገባኝም» የሚል መልስ ተሰጥቶታል። መመሪያው ምንባቡን አንብባችሁ፣ የተደራጊ ግሶቹን አስምራችሁ፣ ከጓደኛችሁ ጋር እየተወያያችሁ መልሳችሁን ከሠንጠረዡ ጋር አመሳክሩ የሚል፣ ሦስት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ የታጨቀበት ነበር። ስጽፈው ግልጽ ሆኖ ታይቶኛል። ክፍሉ ውስጥ እኔው ብሆን ኖሮ «መጀመሪያ አንብቡ» ብዬ፣ ሠንጠረዡን በጣቴ አሳይቼ፣ ግንባሩን የቋጠረውን ልጅ አይቼ ነገሩን አቃናው ነበር። ነገር ግን አልነበርኩም፤ የነበረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

የማስተማሪያ ጽሑፍ ማዘጋጀት ከማስተማር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ መምህር ሁሉ ጥሩ አዘጋጅ ይሆናል የሚለው አስተሳሰብ በየትምህርት ቤታችን የተለመደ ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜበት ኖሬአለሁ። የመምህሩ ሙያ ግን ከግማሽ በላይ የሚኖረው በድምፁ፣ በእጁ እንቅስቃሴና ተማሪው ሲጠፋበት ቶሎ ብሎ በማየቱ ላይ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱም ወደ ወረቀት አይሻገርም። አዘጋጁ የሚጽፈው እሱ ለማይገኝበት ክፍል፣ ፊቱን ለማያውቀው መምህር፣ ጥያቄውን ለማይሰማው ተማሪ ነው። ዛሬ የምናገረው በሙሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

የአስጎብኚዎቹን ኮርስ ስጀምር የሠራሁትን ስህተት ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ከውጭ አገር የተዘጋጀ መማሪያ አገኘሁ፤ ምዕራፎቹ በደንብ የተደራጁ ነበሩ። የለንደንን ስም እየፋቅሁ ጎንደር፣ የወንዝ ድልድዩን እየፋቅሁ ፋሲል ግቢ እያልኩ ጻፍኩና ለአገራችን እንዲስማማ አድርጌዋለሁ ብዬ ተደሰትኩ። አቅጣጫ ስለማመላከት የሚናገረው ምልልስ ላይ አስጎብኚው ለእንግዳው በሁለተኛው መንገድ ወደ ግራ ይታጠፉ፣ ከዚያም የመንገዱን ስም የሚገልጸውን ሰሌዳ ይመልከቱ ይላል። ሠልጣኞቹ አነበቡት፣ በቃላቸውም ያዙት። በኋላ ግን ከተማው ውስጥ ሰዎች እንዴት አቅጣጫ እንደሚነግሩ ቆሜ ሳዳምጥ፣ በመንገድ ስም የሚናገር አንድም ሰው አላጋጠመኝም። የእኛ ሰው «ዳገቱን ስትጨርስ ባንኩን አልፈህ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ፊት ለፊት፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ» ነው የሚለው። ይህን በእንግሊዝኛ ለማለት የሚያስፈልጉት ቃላት ሌሎች ናቸው፤ ማለፍን፣ ፊት ለፊትነትን፣ ከበታችና ከበላይ መሆንን፣ ሽቅብና ቁልቁልን የሚገልጹ መስተዋድዶች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ የተሳሳተው የቦታው ስም አልነበረም፤ ለምዕራፉ የተመረጠው ሰዋስው ራሱ ነበር። የከበደ እና የአልማዝ ስም ያለበት መጽሐፍ ሁሉ የእኛ መጽሐፍ ነው ብለን የምንረካበትን ልማድ ብንተው ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለማን እንደምንጽፍ የምናውቀው እንዴት ነው? መጠይቅ መበተን አንዱ መንገድ ነው፤ እኔ ግን ብዙም አልተማመንበትም። ተማሪውን በእንግሊዝኛ ምን ይከብድሃል ብትሉት «ግራመር» ይላችኋል፤ ይህን መልስ ለመስማት ወረቀት ማባዛት አያስፈልግም። የሚሻለው ቋንቋው በሚነገርበት ቦታ ተገኝቶ ማዳመጥ ነው። እኔ ለአራት ቀን ከአስጎብኚዎቹ ኋላ ኋላ እየተከተልኩ በፋሲል ግቢ ውስጥ ዞርኩና የሰማሁትን ደብተር ላይ ጻፍኩ። ልጆቹ አፋቸው የተፈታ ነበር፤ ከእኔ የተሻለ ቀልድ በእንግሊዝኛ ይቀልዱ ነበር። የሚደናቀፉባቸው ቦታዎች ጥቂት ቢሆኑም ተደጋጋሚ ነበሩ፤ ሦስቱን ብቻ ላንሳ።

የመጀመሪያው ተደራጊ ግስ ነው። አስጎብኚ የሚናገረው ታሪክ በባሕርዩ በተደራጊ ግስ የተሞላ ነው፤ ከተማው ተቆረቆረ፣ ግንቡ ተሠራ፣ ቤተ መንግሥቱ ተጎዳ፣ ቅርሱ ተመዘገበ። በአማርኛ ይህን ሁሉ የምትሠራልን ከግሱ ፊት የምትቆም አንዲት «ተ» ናት። እንግሊዝኛው ይህንኑ ሥራ በሁለት ቃል ነው የሚሠራው፤ ፊተኛው «ዎዝ» ሲሆን ሁለተኛው ዋናው ግስ ነው። የእኛ ልጅ በአንድ ቃል ማሰብን ስለለመደ «ዘ ካስል ቢልት ባይ ፋሲል» ይልና «ዎዝ»ን ይውጣታል። ሕጉን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ፈተና ላይ ቢጠየቅ በትክክል ይመልሳል። ችግሩ አፉ ላይ ነው። ስለዚህ የጻፍኩለት መልመጃ ሕጉን የሚያብራራ መሆኑ ቀርቶ፣ በግቢው ውስጥ ከግንብ ወደ ግንብ እየሄደ እነዚያኑ አራት ግሶች ደጋግሞ የሚናገርበት ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ የአየር ድብደባ የተጎዳው የኢያሱ ቤተ መንግሥት ፊት ቆሞ «ዎዝ ዳሜጅድ» ማለትን የለመደ ልጅ ሌላውን ለመናገር ጊዜ አይፈጅበትም።

ሁለተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ተቆረቆረች ሲባል በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1636 መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ስምንት ይደምራል። ነገር ግን ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው በጥቅምት 1972 ሲሆን ያ በእነሱ 1979 ነው፤ ጎንደር ላይ የመሸገው የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ሲሆን ያም 1941 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ባሉት ወራት ልዩነቱ ሰባት፣ በቀሩት ስምንት ነው። ይህን ያልተማረ አስጎብኚ በየቀኑ አንድ ዓመት ሲስት ይውላል፤ እንግዳው ደግሞ የጉዞ መጽሐፉን ገልጦ ያይና ዝም ይላል። በዚያ ላይ የአነባበብ ጉዳይ አለ፤ እኛ ዓመቱን ከሺህ ጀምረን በምልአት ስንጠራ እነሱ ለሁለት ከፍለው «ሲክስቲን ሰርቲ ሲክስ» ይላሉ። ለዓለም ሁሉ በአንድ ላይ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ይህ መልመጃ ሊገኝ አይችልም። መጻፍ ያለብን እኛ ነን።

ሦስተኛው አጭር ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ አስቆኛል። እንግዳው ቤተ ክርስቲያኑ አሁን አይከፈትም እንዴ ብሎ በአሉታ ሲጠይቅ የእኛ ልጅ «የስ» ይላል፤ አዎ፣ አይከፈትም ማለቱ ነው። በአማርኛ ትክክለኛ መልስ ነው። እንግዳው ግን ይከፈታል ብሎ ተረድቶ ጫማውን ማውለቅ ይጀምራል።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ከያዝኩ በኋላ ምንባብ ፍለጋ ወጣሁና ስምንት ምንባቦች ሰበሰብኩ። ብዙ ምንባብ ያለው ኮርስ የተሻለ ኮርስ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ሐሳብ ያወጣኝ የውጭ አገር ሊቅ አልነበረም፤ በልጅነቴ የተቀመጥኩበት የአብነት ትምህርት ቤት ነው። የኔታ ሀሁን ካስጠኑን በኋላ ልጁ ፊደሉን ለይቶ ይሁን በዜማ ሸምድዶ ለማረጋገጥ አቡጊዳን ይሰጡታል፤ ቅደም ተከተሉ ይሰባጠርና በቃል የያዘ ልጅ ወዲያው ይታወቃል። ይህ በዛሬው አነጋገር ምዘና ነው፤ ያውም አንድም ወረቀት የማይፈልግ። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ ይመጣል። ልጁ ያንኑ ምንባብ ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድና ቁም ንባብ በሚባሉት የአነባበብ ደረጃዎች ደጋግሞ ያነበዋል፤ መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየለቀመ የጀመረውን በመጨረሻ ሳይደናቀፍ ያወርደዋል። ምንባቡ አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው ልጁ በምንባቡ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። በአቋቋም ስሟ በገነነችው ጎንደር ተቀምጠን ይህን ከሌላ መማር አያስፈልገንም ነበር።

ስለዚህ ከስምንቱ ምንባብ ስድስቱን ጣልኩ። ከቀሩት አንዱ ስለ ከተማዋ መቆርቆር የሚናገር 150 ቃል ገደማ የሆነ ምንባብ ሲሆን፣ ሠልጣኙ አራት ጊዜ ይመለስበታል። በመጀመሪያው ዙር ዓመቶቹን ብቻ እየፈለገ ጮክ ብሎ ያነባል። በሁለተኛው ዓመቱን ከድርጊቱ ጋር ያዛምዳል። በሦስተኛው ግሶቹን ለይቶ አድራጊው ማን እንደሆነ ይናገራል፤ የማይታወቅ ከሆነም አይታወቅም ይላል። በአራተኛው ወረቀቱን ገልብጦ ለጓደኛው ይተርካል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ተማሪውን ያሰለቸዋል ብለውኛል። እኔ እንዳየሁት የሚያሰለቸው አንድን ምንባብ ደጋግሞ ማንበብ አይደለም፤ በአንድ ምንባብ ላይ ያንኑ ሥራ ደጋግሞ መሥራት ነው።

አሁን ወደ መቁጠር ልምጣ። የማስተማሪያ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚቆጥር ሰው ነው፤ ቃል ይቆጥራል፣ ደቂቃ ይቆጥራል፣ ወንበር ይቆጥራል። በቃል ቆጠራ ረገድ ፈር ከቀደዱት አንዱ ማይክል ዌስት የተባለው እንግሊዛዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በቤንጋል ዳካ መምህራንን ያሠለጥን ነበር። የቤንጋል ልጆች የሚያነቧቸው መጻሕፍት አዳዲስ ቃላትን ከልክ በላይ አጠጋግተው የሚያጭቁ፣ በዚያ ላይም እምብዛም በማይገኙ ቃላት የተሞሉ መሆናቸውን ተረዳና፣ ብርቅ የሆኑትን በተለመዱ ቃላት እየተካ፣ አዲሶቹንም እያራራቀ መጻሕፍቱን እንደገና ጻፋቸው። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ 2000 የሚጠጉ ጠቃሚ የእንግሊዝኛ ቃላትን ዝርዝር አሳተመ። ዝርዝሩ ዛሬ አርጅቷል፤ ተተኪዎችም መጥተዋል። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ግን ሐሳቡ የመነጨው ከእኛ በማይሻል ድሃ ክፍል ውስጥ፣ ለፈተና ሳይሆን ለማንበብ ሲታገሉ ከነበሩ ልጆች መካከል መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ የቃላት ትምህርት ተመራማሪ በሆነው በፖል ኔሽንና በባልደረቦቹ የተሠሩ ጥናቶች አንድ አንባቢ ምንባብን ያለ ረዳት በደንብ እንዲረዳ ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው ያመለክታሉ። ይህን ወደ ገጽ መልሱት፤ 250 ቃል ባለው ምንባብ ውስጥ የማይታወቁት ቃላት ከአምስት መብለጥ የለባቸውም ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያ ረቂቄን ለአንድ ሠልጣኝ ሰጥቼ የማታውቀውን አስምርበት ብለው 34 ቃል አሰመረበት። ልጁ አፍሮ «ጋሼ፣ ብዙ ሆነ መሰል» አለኝ፤ ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ። መዝገበ ቃላት ያዙ ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን 34 ጊዜ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው እያነበበ ሳይሆን እየፈታ ነው። ቆጠራውን ለማድረግ ኮምፒውተር አያስፈልጋችሁም። አንድ መካከለኛ ተማሪ፣ አንድ እርሳስና አሥር ደቂቃ ይበቃሉ።

የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ለሆናችሁ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ተማሪያችሁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ አጋዥ ጽሑፍ ስታዘጋጁ ከእናንተ ትምህርት መጽሐፍ ይልቅ የባዮሎጂውን መጽሐፍ አጠገባችሁ ብታስቀምጡ እመርጣለሁ። ልጁ ነገ ጠዋት የሚጋፈጠው ዓረፍተ ነገር እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ደቂቃውም ይቆጠር። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 60 ተማሪ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ይናገር ካላችሁ ጊዜው አይበቃም፤ ስም መጥራቱና ሰሌዳ ማጽዳቱ ገና ሳይታሰብ። ሁሉም በተራ ወጥቶ ይናገር የሚል መልመጃ የሚጽፍ ሰው ይህን ስሌት አልሠራም። ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ ላይ ይናገሩ ማለት የግድ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ዘመናዊ ስለሆነ አይደለም። ስለ ጊዜ ሳነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ፕላዝማ አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ ለመምህሩ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይተውለት ነበር። እኔ በወቅቱ ክፍል ውስጥ ከቆሙት አንዱ ነበርኩ። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ልጆቹ ገና መጽሐፉን ሲገልጡ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። ማን መልሶ ነው ጎበዝ የተባለው እያልን እንሳሳቅ ነበር። የዚያ ትምህርት አዘጋጆች እንግሊዝኛ የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ የማያውቁት ገጽ ለመግለጥ የሚፈጀውን ጊዜ ነበር።

ወንበሩንም ቁጠሩ፤ ማለትም አንድ መጽሐፍ ለስንት ሰው እንደሚደርስ። መጽሐፉ ዓመቱ ሲያልቅ ለትምህርት ቤቱ የሚመለስ ከሆነ ክፍት ቦታውን ሙሉ፣ ከቃሉ ሥር አስምሩ የሚሉ መመሪያዎች ፋይዳ የላቸውም፤ ልጁ መጽሐፉ ላይ እንዳይጽፍ ተነግሮታል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የምንባቡን መስመሮች በየአምስቱ በኅዳጉ ላይ ቁጥር ስጧቸውና መልሱን በመስመር ቁጥር እየጠቀሰ ደብተሩ ላይ እንዲጽፍ አድርጉ። ለሦስት አንድ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ጥያቄውን ከምንባቡ ጀርባ ባለው ገጽ ላይ አታድርጉ፤ አንዱ ሲያገላብጥ ሁለቱ ምንባቡን ያጣሉ። ሥዕልን በተመለከተ የእኔን ጥፋት አትድገሙ፤ በቀለም ያማረ የግንቡን ፎቶ አስገባሁና ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ጥቁር እድፍ ሆኖ ወጣ፤ ሠልጣኞቹም መስኮቶቹን ቁጠሩ የሚለውን ጥያቄ እድፍ ላይ ይፈልጉ ነበር። አንድ ሥዕል የሚችል ልጅ በእስክሪብቶ የሣለው መስመር ብቻ ያለው ሥዕል አሥር ጊዜ ቢባዛም አልጠፋም።

መመሪያን በሚመለከት አቋሜ የማያስማማን ሊሆን ይችላል። በጀማሪ ደረጃ መመሪያው በአማርኛ ቢጻፍ ምንም ነውር የለበትም እላለሁ። የመልመጃው ዓላማ መልመጃው ነው፤ ልጁ መመሪያውን ለመፍታት ጉልበቱን ከጨረሰ ለሥራው የሚተርፈው የለም። ከፍ ባለው ደረጃ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ትእዛዝ ብቻ ይያዝ፣ ከሥሩም የተሠራ አንድ ምሳሌ ይቀመጥ። ጥሩ ምሳሌ መመሪያውን ራሱን ሊተካ እንደሚችል በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ከኢንተርኔት ቀድቶ ሃንድአውት ስለማድረግ በአጭሩ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዳለ እናስታውስ። ሕጉ ባይኖርም እንኳ የተቀዳው ምንባብ ለሌላ ሰው ክፍል የተጻፈ ነውና ቀድመን እንዳየነው አይበጀንም።

ለመምህሩ የሚሰጠው መምሪያ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ፣ በድካምና በጥድፊያ ነው፤ በዚህም ምክንያት የመልስ ቁልፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መምህሩ ግን ከትክክለኛው መልስ ይልቅ የሚያስፈልገው ተማሪው የሚሰጠው የተሳሳተ መልስ ምን እንደሆነና ለምን እንደተሳሳተ ነው። «ዎዝ»ን ቢውጣት ምን ልበለው? ሰባትና ስምንቱን ቢያምታታ የትኛውን ወር ልጠይቀው? ትክክል የሚሆኑ ሁለት መልሶች ካሉስ? የመጀመሪያውን ምዕራፌን ያስተማረው መምህር የተቸገረው እዚህ ላይ ነበር፤ ቁልፉ ላይ የጻፍኩት አንድ መልስ ብቻ ስለነበር፣ ከዚያ የተለየ ነገር ግን ትክክል የሆነ መልስ የሰጠችን አንዲት ሠልጣኝ ተሳስተሻል ብሏታል። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ የተሳሳትኩት ቁልፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ መልሶቹን የምጽፈው ሦስት ሰዎች መልመጃውን ሠርተው ካስረከቡኝ በኋላ ሆኗል።

ወደዚህ ከሰዓት ሥራችን እናምራ። እያንዳንዳችሁ ያዘጋጃችሁትን አንድ ገጽ ይዛችሁ እንድትመጡ ተነግሯችኋል። ገጹን አጠገባችሁ ለተቀመጠው ባልደረባ ስጡና እሱ ለሌሎች አራት ሰዎች በአሥራ አምስት ደቂቃ ያስተምርበት። ጸሐፊው ከኋላ ይቀመጣል፤ ወረቀትና እርሳስ ይይዛል፤ አስተማሪው ቢሳሳትም፣ ተማሪው ግራ ቢጋባም፣ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ማለት አይፈቀድለትም። ምን ለማለት እንደፈለገ የሚጽፈው ኋላ፣ ገጹን ሲያርም ነው።